ሁለት ፕሬዚዳንቶችና የፌሊክሳስ መሐላ

አፖሎንያ ባሏን ስታገባው ወሬ የሚወድ ሰው መሆኑን ታውቅ ነበር። ያላወቀችው አንድ ቀን ያ አፉ የአሜሪካንን የውጭ ፖሊሲ ከልጇ ሠርግ ጋር አንድ ላይ ቋጥሮት እንደሚያርፍ ነው።

ፌሊክሳስ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቺካጎ ውስጥ ከከብት ማረጃው ጀርባ፣ የአገሩ የሊትዌንያ ሰዎች ተሰባስበው በሚኖሩበት ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ምላጩን አንገትህ ላይ አድርጎ ስለ ዓለም ሁኔታ ያስረዳሃል፤ አንተ ደግሞ በዚያች ሰዓት «ልክ ነህ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለህም። ስለዚህ ፌሊክሳስ በሰፈሩ ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው የለም ብሎ ከልቡ ያምን ነበር።

የማይስማማው አንድ ሰው ጎረቤቱ ዚግማስ ነው። ዚግማስ ጺሙን የሚላጨው ቤቱ ነዋ።

ዚግማስ ቋሊማ ፋብሪካ ይሠራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድ ልጁን ሚልዳን ብቻውን አሳድጓታል። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንዲት የእንጨት አጥር ስትሆን፣ የፌሊክሳስ ልጅ ሊዩዳስ ያቺን አጥር ከስንት ዓመቱ ጀምሮ እየዘለለ ሚልዳን ሲያይ እንደኖረ አባቶቹ ሲቀሩ ሁሉም ያውቃል። በኋላ እነሱም አወቁ፤ ቀለበት ታሰረ፤ የማር አረቄ ተጠጣ። ይሄን ጊዜ ነው በፈረንጆቹ የሃምሳ ሁለቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጣው።

ዚግማስ የትሩማን ፓርቲ ሰው ነው። ትሩማን ኮሙኒስቶቹን ካሉበት ንቅንቅ እንዳይሉ አጥሮ ይዟቸዋል፣ ከዚህ በላይ ማን ምን ያደርጋል ባይ ነው። ፌሊክሳስ ግን እንደ አይዘንሃወር ያለ ሰው የለም አለ። «አጥር! አጥር!» እያለ ይጮሃል፤ «አጥሩ እኛን ምን ጠቀመን? ወንድሜ እኮ ሩሲያ በያዘችው አገራችን፣ ከአጥሩ ወዲያ ነው ያለው! አዲሱ ሰውዬ ነፃ አወጣለሁ ብሏል፤ በሬዲዮ ሰምቻለሁ።» ተወራረዱ። የተሸነፈው ያሸነፈውን በባለ አንድ ጎማ ጋሪ ጭኖ ከቤተክርስቲያኑ ደጅ እስከ መጠጥ ቤቱ ይገፋዋል።

በምርጫው ማግስት ዚግማስ ገፋ። ፌሊክሳስ የእሁድ ኮቱን ለብሶ ጋሪው ላይ እንደ ንጉሥ ተቀመጠ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያጨበጭባል፤ ልጆች ከኋላ ይከተላሉ፤ ዚግማስ ላቡ በግንባሩ እየወረደ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ድንች ነው እንዴ የምትበላው?» ይላል። መጠጥ ቤቱ ደጅ ሲደርሱ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ፌሊክሳስ! የልጅህ ሠርግ መቼ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ፌሊክሳስ ጋሪው ላይ ተነሥቶ ቆመ። ዚግማስ እንዳይገለብጠው እጀታውን አጥብቆ ያዘ።

«ስሙኝ!» አለ ፌሊክሳስ። «ልጄንና ሚልዳን የምመርቃቸው በነፃዋ የሊትዌንያ ምድር ላይ ነው! ሌላ ቦታ የምርቃት ቃል ከአፌ ቢወጣ እግዚአብሔር ምላሴን ይያዘው!»

ጭብጨባው ከተማውን አናወጠው። እግረኛ መንገዱ ላይ የቆመችው አፖሎንያ ብቻ አላጨበጨበችም። ሚልዳ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«እማማ አፖሎንያ፣ የምራቸውን ነው?»

«ቢራ ነው የኔ ልጅ» አለች አፖሎንያ። «ጧት ይወጣለታል።»

ጧት ራስ ምታቱ ወጣለት፤ መሐላው ግን አልወጣለትም። እንዴት ብሎ ይውጣለት? ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ምርቃት ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በሠርጉ ጧት ሙሽሮቹ ወላጆቻቸው እግር ሥር ይንበረከካሉ፤ አባት እጁን ጫን አድርጎ ይመርቃቸዋል፤ ቤተክርስቲያን የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሳይመረቁ የሄዱ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የሙሽሮቹ መኪና መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶ ሙሽራው ነጭ ጓንቱን እንዳደረገ ሲቀይር ውሏል፤ ሰፈሩ ይሄን እስከ ዛሬ ያወራል።

የቺካጎ ብርዳም ክረምት ለፌሊክሳስ ጥሩ ሆነለት። ጥር ላይ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ ፌሊክሳስ ፎቶግራፉን ከመስታወቱ በላይ ሰቀለው። ደንበኛው ሲላጭ ፕሬዚዳንቱን ቀና ብሎ እያየ ነው። መጋቢት ላይ ስታሊን ሞተ፤ ያን ዕለት ፌሊክሳስ የመጣውን ሁሉ በነፃ ላጨ፣ ማታ ደግሞ አንድ ትልቅ ሻንጣ ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አፖሎንያ።

«ለሠርጉ ጉዞ ነዋ! በበጋው መንደራችን ነን።»

«መንደራችን ያሉት ወታደሮች ያውቃሉ?»

«ይነገራቸዋል» አለ ፌሊክሳስ።

አፖሎንያ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ገፋ አድርጋ ድንች አስቀመጠችበት።

ሊዩዳስ በበኩሉ ዝም ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ የማሽን ባለሙያ ነው። በፀደዩ መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ካለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራ አገኘ፤ በመስከረም መጀመሪያ ግባ ተባለ። ቤቱ በደስታ ተሞላ፤ ደስታው ግን እስከ ራት እንኳ አልቆየም፤ ዚግማስ አጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ሊዩዳስ፣ እንኳን ደስ ያለህ። አንድ ነገር ግን እወቅ። ልጄ ሳታገባ ባቡር አትሳፈርም። ሳትመረቅ ደግሞ አታገባም፤ እናቷ በሕይወት ብትኖር እንደዚያ ያለ ነገር አትፈቅድም ነበር። አባትህን ጠይቅልኝ፤ ፕሬዚዳንቱ መቼ ነው የሚዘምቱት?»

እንግዲህ ነገሩ ይሄው ነው። ነሐሴ ሳያልቅ ፌሊክሳስ ካልመረቀ ሊዩዳስ ብቻውን ይሄዳል። ሚልዳ እጠብቃለሁ ትላለች፤ አፖሎንያም ታምናታለች። ነገር ግን አፖሎንያ ራሷ ከአገሯ ስትወጣ «እጠብቃለሁ» ያላት አንድ የወፍጮ ቤት ልጅ ነበር፤ እሱ ሳይጠብቅ ቀርቶ ነው እሷ ፌሊክሳስን ያገባችው። ስለዚህ መጠበቅ የሚባለውን ነገር ብዙም አትወደውም።

ሰኔ ላይ የምሥራቅ በርሊን ሠራተኞች አደባባይ ወጡ፤ የሩሲያ ታንክ ገባባቸው። ሬዲዮው ይሄን ሲናገር ፌሊክሳስ የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ፊት ላጭቶ ምላጩን ወደ ጣሪያው አነሣ። «መጣ! ያውላችሁ፣ አሁን ነው!» ሰውዬው በግማሽ ፊቱ አረፋ እንደያዘ ተቀምጦ አብሮ ጠበቀ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላ ቀን አለፈ። የዘመተ የለም። በኋላ ሐምሌ ላይ ፕሬዚዳንቱ ለበርሊን ሰዎች ምግብ እልካለሁ አለ፤ ዱቄት፣ የአሳማ ስብ፣ የቆርቆሮ ወተት።

ከዚያ በኋላ ፌሊክሳስ ሱቁ ውስጥ ስለ አየር ጠባይ ማውራት ጀመረ። ደንበኞቹ ደነገጡ።

አንድ ቅዳሜ አፖሎንያ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ባሏ ጎመኑን ውኃ ያጠጣል። ዚግማስ አጥሩ ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆመ፤ ፊቱ ላይ ያለውን ሳቅ ከሩቅ ማየት ይቻላል።

«ጎረቤቴ» አለ ዚግማስ፤ «አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነበር።»

«ግራ ያልገባህ ነገር ምን አለ?»

«የኔ ሰውዬ ያኔ ሩሲያ የበርሊንን መንገድ ስትዘጋ ምን ላከ? በአውሮፕላን ዱቄት ላከ። ያንተ ሰውዬስ አሁን ምን ላከ?»

ፌሊክሳስ ጎመኑን ውኃ ማጠጣቱን ቀጠለ።

«ዱቄት!» አለ ዚግማስ። «እሺ፣ ስብ ጨምሮበታል፤ አልክድም። ያንተ ሰውዬ ስብ አለው።»

«ቆይ አንተ፣ ገና ግማሽ ዓመቱ ነው!»

«ኮሪያስ? ጦርነቱን አቆመ፤ ሲዋጉለት የከረሙት መስመር ያው፣ የቆሙትም እዚያው። በል ልጨምርልህ። ሩሲያ አገራችንን ስትይዝ ሩዝቬልት አላውቅላትም አለ። ትሩማን መጣ፣ አላውቅላትም አለ። ያንተም ሰውዬ መጣ፣ አላውቅላትም አለ። ቆንስላችን አገር ሳይኖረው ከተማ መሃል ባንዲራውን እንደሰቀለ ያው ቁጭ ብሏል። ምን ተለወጠ? ንገረኛ! ምን ተለወጠ?»

«ሂድ ወደ ቋሊማህ!» አለ ፌሊክሳስ፤ ባልዲውን ጎመኑ መሃል ጥሎ ቤቱ ገባ።

አፖሎንያ በአፏ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ እንደነከሰች ቆማ ቀረች። ከአፏ አወጣቻቸው።

«ዚግማስ፣ የመጨረሻዋን ድገማት እስቲ።»

«የቋሊማዋን?»

«የባንዲራዋን።»

ሰኞ ጧት ኮፍያዋን አድርጋ በትራም ከተማ ወረደች። ቆንስላው አንዲት ሰፋ ያለች ክፍል ናት፤ ባንዲራው ጥግ ላይ ቆሟል፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቀጭን፣ ሽማግሌ፣ ክራባቱን ጥብቅ አድርጎ ያሰረ ጸሐፊ ተቀምጧል። ስሙ አቶ ቴዎፊልየስ ነው።

«የሞተብዎ ማን ነው?» አላት በሐዘን ድምፅ።

«ኧረ እግዚአብሔር ይጠብቀን! ማንም አልሞተብኝም።»

«ይቅርታ እመቤቴ። እዚህ የሚመጣው ሰው አንድም ሞቶበት ነው፣ አንድም ውርስ ሊጠይቅ ነው። ለምጄ ነው።»

አፖሎንያ ጋሪውን፣ መሐላውን፣ ሎስ አንጀለስን፣ ዱቄቱን ሁሉ ነገረችው። ጋሪው ላይ ስትደርስ የሽማግሌው ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዱቄቱ ላይ ስትደርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። መሳቁ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው።

«አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለችው። «ይሄ ያለንበት ቦታ ነፃ የሊትዌንያ ምድር ነው አይደል?»

አቶ ቴዎፊልየስ ባንዲራውን ዞር ብሎ አየ። ከዚያ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«አይደለም እመቤቴ። ሰዎች እንደዚያ ይላሉ፤ ግን ቤቱ የኪራይ ነው፤ ወለሉ የአሜሪካ ነው። ልዋሽዎ አልችልም።»

«ትንሽም ቢሆን?»

«ትንሽም ቢሆን።» ቀና ብሎ አያት። «መምጣት ግን ትችላላችሁ። ቅዳሜ እከፍትላችኋለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሙሽራ አይቼ አላውቅም።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ኩገሊስ ጋገረች። ከተፈቀፈቀ ድንችና ከአሳማ ስብ የሚሠራውን ይህን ምግብ ፌሊክሳስ ፊቱ ካየ ጭቅጭቅ አይሆንለትም። ሦስተኛውን ቁራሽ ሲያነሣ ነገረችው።

«ቢሮ ውስጥ?» አለ አፉ ሙሉ ሆኖ።

«የራሳችን ባንዲራ ያለበት ቢሮ።»

«ዚግማስ ይስቅብኛል።»

«ዚግማስ ስትተኛም ይስቅብሃል። ልጅህ ያግባ።»

ፌሊክሳስ ቁራሹን አስቀመጠ፤ ነገሩ ከብዶታል ማለት ነው። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን የቆንስላው ሰው ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ ‹ይሄ ነፃ የሊትዌንያ ምድር ነው› ሊለኝ ይገባል። ያኔ እመርቃለሁ። እንደዚያ ካላለኝ ግን አልመርቅም፤ መሐላ መሐላ ነው።»

አፖሎንያ «ይልሃል» አለች። እንደማይለው እያወቀች ነው። ያን ሳምንት ሙሉ ዳቦ ስታቦካም፣ የሚልዳን ቀሚስ ስትለካም፣ ቄሱን ስታነጋግርም ይቺን ነገር በልቧ እንደ ድንጋይ ይዛ ዞረች። ማንም ሰው አልነገረችም። ቢያንስ ሙሽሮቹና አባትየው አንድ ክፍል ውስጥ ይግቡልኝ፣ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል አለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ሚልዳ በነጭ ቀሚስ፣ ሊዩዳስ በጥቁር ሱፍ፣ ዚግማስ የማር አረቄ ጠርሙሱን በብብቱ ሸጉጦ፣ ፌሊክሳስ ራሱን ራሱ እያበጠረ፣ ሁሉም በትራም መጡ። ትራም ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለሙሽራዪቱ ተነሣላት፤ አንድ ሰውዬ ማንም ሳይጠይቀው ዘፈነ። ቄሱ ቤተክርስቲያን ሆኖ ይጠብቃል።

አቶ ቴዎፊልየስ ክራባቱን ቀይሯል። ባንዲራውን ከጥግ አውጥቶ መሃል አቁሞታል።

ፌሊክሳስ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ነፃ የሊትዌንያ ምድር ነው?»

አፖሎንያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አይደለም ጌታዬ» አለ አቶ ቴዎፊልየስ። «ወለሉ የአሜሪካ ነው።»

ሚልዳ የሊዩዳስን እጅ ያዘች። ፌሊክሳስ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ አፖሎንያ ደግሞ በመስኮቱ የሚታየውን ሰማይ በጣም የወደደች መሰለች።

«ጠረጴዛው ግን ከአገር ቤት፣ ከካውናስ የመጣ ነው» አለ አቶ ቴዎፊልየስ፤ ሊያጽናና ፈልጎ።

«እንግዲያው ምን ችግር አለ?» አለ ዚግማስ። «ልጆቹ ጠረጴዛው ላይ ይውጡና ይንበርከኩ!»

የሚገርመው፣ ፌሊክሳስ ጠረጴዛውን ለካው። በዓይኑ ርዝመቱንም ስፋቱንም ለካው።

«አባባ» አለች ሚልዳ፤ አማቷን አባባ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «በዚህ ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ አልወጣም።»

መጀመሪያ ሊዩዳስ ሳቀ፤ ያ ዝምተኛ ልጅ። ከዚያ ዚግማስ፣ ከዚያ ሽማግሌው። ፌሊክሳስ ብቻ አልሳቀም፤ ከአቶ ቴዎፊልየስ ዓይኑን አልነቀለም።

«ታዲያ እርስዎ ምን ይዘው ነው እዚህ የሚቀመጡት?» አለው። «ምድሩ የኛ ካልሆነ?»

ሽማግሌው የባንዲራውን ጫፍ አስተካከለ። «ልንገርዎ። አዲስ ፕሬዚዳንት በመጣ ቁጥር ዕቃዬን እሰበስባለሁ። ወረቀቶቹን አሥራለሁ፣ ማኅተሙን በመሐረብ እጠቀልላለሁ። እያንዳንዱ ሲመጣ የራሱን ንግግር ይዞ ነው፤ የቀድሞው አልሠራም፣ እኔ እሠራለሁ ይላል። እኔ ደግሞ ይሄኛው ከሩሲያ ጋር ተስማምቶ ‹ዝጋ› ይለኛል እያልኩ እጠብቃለሁ። ቆይቶ ወሬው ይመጣል፤ እንደ ቀድሞው ቀጥሉ። ወረቀቶቹን መልሼ እፈታለሁ። ባለፈው ጥርም ያው ነው የሆነው። የእርስዎ ፕሬዚዳንት ጌታዬ፣ ከትሩማን ሌላ ነገር ተናገረ፤ በዚህ ነገር ግን ያንኑ አደረገ። ስለዚህ እኔ አለሁ፣ ባንዲራውም አለ፤ ይቺን ማኅተም ወረቀት ላይ ሳሳርፋት የአሜሪካ ዳኛ ይቀበለኛል። በዚያ በር ገብቶ ማንም የሞስኮ ሰው አዞኝ አያውቅም። ከዚህ የበለጠ ነፃ ሊትዌንያ ለጊዜው የለኝም።»

ፌሊክሳስ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። አፖሎንያ አብራው ስትኖር እንዲህ ዝም ሲል አይታው አታውቅም፤ ሐኪም ልጥራ ወይ ብላ ነበር።

በኋላ ወደ ዚግማስ ዞረ።

«አንተ።»

«አቤት።»

«ምንም አልተለወጠም አልከኝ አይደል?»

«ብያለሁ።»

«ልክ ነህ» አለ ፌሊክሳስ። ይህቺን ቃል ሌላው ሰው ነው ለእሱ የሚላት፤ ከእሱ አፍ ስትወጣ ሁሉም ተገረመ። «ልክ ነህ፣ ፕሬዚዳንቱ ምንም አልለወጠም። ለውጦ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህም ነገር እንደ አፉ ከትሩማን ተለይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይሄ ክፍል ተዘግቶ ዛሬ ልጆቼን ይዤ የምመጣበት ቦታ አልነበረኝም።» ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልለወጠም!»

«ይሄን ሱቅህ ውስጥ ደግመህ ትለዋለህ?» አለ ዚግማስ።

«ምላጭ አንገትህ ላይ አድርጌ እለዋለሁ። ኑ ልጆች፣ ተንበርከኩ።»

ሙሽሮቹ በአሜሪካ ወለል ላይ፣ ባንዲራው ሥር ተንበረከኩ። ፌሊክሳስ እጆቹን ጭንቅላታቸው ላይ ጫነ፤ የሊዩዳስን ፀጉር በልማዱ ወደ ኋላ መለስ አደረገው። «ጌታ ቤታችሁን ይሙላው» ብሎ ጀመረ፤ «ልጆቻችሁ…» ሲል ድምፁ እምቢ አለው። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ምላሱ የተያዘ ይመስል ነበር።

«መሐላው ነው!» አለ ዚግማስ በሹክሹክታ።

«ዝም በል አንተ፣ እያለቀስኩ ነው!» አለ ፌሊክሳስ፤ ያኔ ድምፁ ተመለሰለት። «ልጆቻችሁ አጥር የሚዘሉ ይሁኑ! አንዳቸውም ፀጉር አስተካካይ አይሁኑ! ወንድሜን የምታዩበት ቀን ይምጣ፣ የኔን ሰላም ንገሩት። ዚግማስን ጡሩት፣ ቢያናድዳችሁም ጡሩት። አሜን በሉ!»

«አሜን!» አሉ። የአቶ ቴዎፊልየስ አሜን ከሁሉም በላይ ተሰማ።

አፖሎንያ ልጇን ስማ፣ ሚልዳን ስማ፣ ባሏን ልትስም ስትል ዚግማስ ቀደማት። ጠርሙሱ ተከፈተ፤ ብርጭቆ ስላልነበረ በቆንስላው የሻይ ስኒ ተጠጣ። ከታች መንገድ ላይ ትራሙ ደወሉን ሲያሰማ ሁሉም ቄሱ ትዝ አላቸው፤ የሚልዳን ቀሚስ በሁለት በኩል አንሥተው ደረጃውን እየሮጡ ወረዱ።

አቶ ቴዎፊልየስ ከላይ ቆሞ እጁን አወዛወዘላቸው።

«ጌታዬ፣ ምን ቆመው ያያሉ?» አለች አፖሎንያ ከደረጃው ግርጌ። «ኮፍያዎን ያድርጉ እንጂ! ኩገሊሱ ለሰፈር የሚበቃ ነው፤ የሚጨፍር ሰው ነው የጎደለን!»

ሽማግሌው ወደ ውስጥ አየ፣ ወደ ታች አየ። ከዚያ በሩን ቆለፈና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ተከተላቸው።